ዳሩ

በዳር በተጠራች ከተማ ተወልጄ፣
አንድ ንጹሕ ዳር አጣ ሳምንት ሙሉ እጄ።

ያዘዘችን የሻረግ ናት፤ ከጀልባ መውረጃው ፊት ለፊት
ቆሮሶና አምባዛ የምትሸጥ በጧት።
«ሁለት ፊደል ብቻ» አለች፤ «ሰማያዊ ይሁን፣ ወፍራም፣
ከውኃው ላይ ሆኖ የሚያየው ሰው አያጣውም።»
አለቃዬ ይበልጣል ሥራ ሊያቀልልን፣
«በአልፋው አ ይጻፍ፣ ቀዳዳው ይቅርብን» ቢላት፣
«ዓሣ ዓይን የለውም?» አለች ቆጣ ብላ፤
«በዓይኑ ዓ ጻፉ፤ ገንዘቤንም ይብላ!»

የመጀመሪያዋ ዓ ዳሯ ጠቆረ።
ሁለተኛዋ ቀለጠች፣ እንደ ሙጫ ተያያዘች።
ሦስተኛዋ አጋማሽ ላይ መብራት ሄደ፤
ሲመጣ ጨረሩ በቀድሞው መስመር አልሄደ።
አራተኛዋን ግን አልረሳትም።
አማረችልኝ ብዬ፣ አልኮል ነክሬ ጨርቅ፣
ዳሯን ወልውዬ ገባሁ ቤቴ በሣቅ።
ጧት ስመጣ ዳሩ ሁሉ ፀጉር ፀጉር ስንጥቅ፣
ሸረሪት ያደረችበት መስሏል።
«አልኮል ነካኸው?»
«ነካሁት።»
«በሳሙና ውኃ ነበር። የተቆረጠ ነገር
ቁስሉ ገና ነው፤ አልኮል ሲያገኘው ይሰነጠቃል።»
ይበልጣል ቀኑን ሙሉ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ምንይችል፣ አንተም ነገ ብቻህን ትቆርጣለህ፤
ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ኪሳራ ያተረፍኩትን ልስጥህ።
ሌንሱን እይ መጀመሪያ።
ማታ መስኮት ከፍተን መብራት ስናበራ
የጣና ትንኝ ነው የሚገባው በተራ፤
አንዷ መስታወቱ ላይ ከተቃጠለች
የጨረሩን ጉልበት ግማሽ ትበላለች።
ሉሁን ከወንፊቱ ከፍ አርገው፣ በአራት ቡሎን አቁመው፤
ካልሆነ ከብረቱ የሚመለሰው ብልጭታ
ሆዱን ያዥጎረጉረዋል፣ በምንም አይለቅም።
የሥሩን ወረቀት አትላጥ። ልብሱ ነው፤
ራቁቱን እሳት ውስጥ የሚገባስ ማነው?

አንዴ ቁረጥ፣ ቀስ ብለህ። ሁለቴ የሚያልፍ ጨረር
እንደ ሐሜት ነው፤ በሁለተኛው ላይ ይጨምራል ነገር።
ነፋሱን ቀንስለት። ሲበዛ ዳሩን ያደበዝዘዋል፣
ጨርሶ ከጠፋም እሳት ይነሳል፤
ትኩስ ሻይ የምታበርድ ያህል ብቻ እፍ ይበልበት።
ዓይንህንም ከማሽኑ አትንቀል። ስልክህን ሌላ ክፍል ተወው።

ደግሞም ከውስጥ ጀምር።
ዓይኑን ቆርጠህ ጨርስ፣ ከዚያ ውጪውን ዙር፤
ውጪውን ካስቀደምክ ፊደሉ ይፈታል፣
በስንዝር ሽራፊ ይንሸራተታል፣
ዓይኑም ቦታው ይስታል።
(የሰውም እንዲሁ ነው ልልህ ነበር።
ተውኩት። አንተ ፕላስቲክህን ቁረጥ።)

አምስተኛዋን የቆረጥኳት በነሐሴ ማለዳ ነው፣
ዝናቡ የቆርቆሮውን ክዳን ሲቀጠቅጠው።
ወረቀቱን ስልጠው ዳሩ ዝም አለ፤
ጣቴ ሄደ፣ ሄደ፣
የሚይዘው ነገር አጥቶ ተመለሰ።

ከዓ መሃል የወደቀችውን ክብ፣ ሳንቲም የምታህለውን፣
ከመሳቢያው ትቢያ ውስጥ አነሳኋት፤
ወልውዬ፣ ዓይኔ ላይ አድርጌ በመስኮቱ አየሁባት።
ክረምት ጭቃ ያስመሰለው ጣና
ሰማያዊ ሆነ።
ሁለት ጀልባዎች፣ አንድ ተንሳፋፊ ጉንጉን ደንገል፣
ሁሉም ሰማያዊ።

የሻረግ መጣች። ወደ ኋላ አሥር እርምጃ ሄደች፣
አንገቷን ዘንበል አርጋ፣
«ይነበባል» አለች።
ዳሩን አልነካችውም። ከፈለች፤
ሁለት ቆሮሶ በጋዜጣ ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልን ወጣች።

ዳርህን ማን ያይልሃል፣ ምንይችል?
የሚያነብ ሁሉ የሚያነበው ከሩቅ ነው።
ዳሩ ግን፣
ክቧ እስከ ዛሬ ኪሴ ውስጥ አለች፤
ሥራ እምቢ ያለኝ ቀን
እጄ ሳላዘው ይገባና
ዙሪያዋን ይዳስሳታል።